«ሌላ» የምትለዋ መስመር



ዛሬ የመጣሁት ስለ ጥራት ሥራ አመራር ሶፍትዌር ልናገር ነው፤ በተለይም መዝገቦች በምን በምን ምድብ እንደሚከፈሉ፣ የተመዘገበውም ነገር ከማን ተነሥቶ ወደ ማን እንደሚሄድ። በሙያው ያለን ሰዎች ይህን ሥራ «ኮንፊገር ማድረግ» እንለዋለን፤ የኔም እንጀራ ይኸው ነው። ነገሩን ግን ከኮምፒውተር አልጀምረውም። ከዚህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ፣ በጎንደር መንገድ ታጥፎ፣ አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ከተሠራ ሥራ ልጀምር።

ከ1997 ዓ.ም. በፊት በሊቦ ከምከም፣ በቡራና በይፋግ በኩል፣ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ይታመም ነበር። ሰውነቱ ይመነምናል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይነፋዋል። የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። አገሩ ከፎገራ ሜዳ ጋር የሚዋሰን ነውና ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ካላ አዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ይባል ነበር እንጂ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር ገበሬ ቤት ይገባል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። የኛ ሰው ግን በየዓመቱ ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደዚያው ቆላ ይወርዳል፤ ይመለሳልም።

በሽታው በሊቦ ከምከም ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በፈረንጆቹ 2005 ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን፣ በአካባቢው ብቸኛ የሆነውን የካላ አዛር ማከሚያ ከፍተው እስከ 2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ያከሟቸውን ሰዎች መዝገብ ያዙ። ያ መዝገብ በኋላ በጥንቃቄ ሲነበብ ብዙ ነገር ተናገረ። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በታች ነበሩ፤ ከመቶው 77 የሚሆኑት ወንዶች። ከመቶ ታካሚ አራቱ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ወረርሽኙ ጣሪያ የነካው በፈረንጆቹ 2005 የመጨረሻ ወራት ሲሆን፣ እዚያ የደረሰው ለተወሰኑ ዓመታት ሲስፋፋ ቆይቶ ነው። ሌላ ጥናትም በአካባቢው ተሠርቶ፣ ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛት፣ ሌሊት ደጅ ማደር፣ ውሻ ማሳደር ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳየ። ልብ በሉልኝ፤ ስለ ግራሩ መጠየቅ የተቻለው በሽታው ስም ካገኘ በኋላ ነው። «ወባ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው ቀን የት ትተኛ ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የወባ ትንኝ በሌሊት ነውና የምትነክሰው የሚጠየቀው ስለ አጎበር ነው።

እኔን ዓመት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የኖረው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር አሥረኛ እትም ላይ ወባ ከቢ50 እስከ ቢ54 ያለውን ቁጥር ይዟል። ቢ54 «ዓይነቱ ያልተለየ ወባ» ነው። ቀጥሎ ያለው ቢ55 ሌሽማንያሲስ ነው፤ ካላ አዛር ከሥሩ ቢ55.0። ሁለቱ በወረቀት ላይ ጎረቤት ናቸው። የሚለያያቸው አንድ መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ከላይ ሆኖ የተመዘገበው ሰው የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ከታች ሆኖ የተመዘገበው ሕይወቱን የሚያተርፈውን።

ይህ በኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በሕንድ አሳም ግዛት ካላ አዛር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንደር ለመንደር ሲዘልቅ ብዙዎች የከፋ ወባ ነው ብለውት ነበር። በፈረንጆቹ 1898 ጉዳዩን እንዲያጠና የተላከው ሮናልድ ሮስ ነው። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠ፣ በ1902 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው። እሱም አጥንቶ ወባ ነው አለ። ጥገኛ ተሕዋሲው የተለየው በ1903፣ በሌሽማንና በዶኖቫን ነው። ሮስ ሰነፍ አልነበረም፤ በዘመኑ ወባን ጠንቅቀው ከሚያውቁት አንዱ ነበር። አንድን ምድብ አብዝቶ የሚያውቅ ሰው ያየውን ሁሉ እዚያው ምድብ ውስጥ ማስገባት ይቀናዋል። ስለዚህ የመዝገብ ምድብ ስትሠሩ ጠንቃቃ ባለሙያ መኖሩ ብቻ አያድናችሁም።

አሁን ወደ ሥራችን። የጥራት ሥራ አመራር ሶፍትዌር በመሠረቱ የጉድለት መዝገብ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የታካሚ ቅሬታ አለ፣ ላብራቶሪው የመለሰው ናሙና አለ፣ ሊሰጥ ሲል የተያዘ የተሳሳተ መድኃኒት አለ፣ የተበላሸ መሣሪያ አለ፣ ኦዲተር ያገኘው ግድፈት አለ። ላብራቶሪ ያላችሁ «ኖንኮንፎርሚቲ» ትሉታላችሁ። እያንዳንዱ ይመዘገባል፣ ምድብ ይሰጠዋል፣ ይጣራል፣ ርምጃ ይወሰድበታል፣ ርምጃው መሥራቱ ይታያል፣ ይዘጋል። አይኤስኦ 9001 ከፈረንጆቹ 1987 ጀምሮ የመጣበት መንገድ ይኸው ነው፤ ለሕክምና ላብራቶሪዎች ያለው አይኤስኦ 15189ም ይህንኑ ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት ላብራቶሪ ሲመዝንም ይህን መዝገብ ያያል። ሶፍትዌሩ የሚጨምረው ፍጥነትና ማስታወስ ነው። ምን ምን ምድብ እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚያይ የሚነግረው ግን ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ የአይቲ ባለሙያና አንድ ኃላፊ፣ በር ዘግተው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ።

እኔም እንደዚያ አድርጌ አውቃለሁ። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ ሠራሁ። ምድቦቹን ከመመሪያ ላይ ቀዳሁ፤ በሀሁ ቅደም ተከተል ደረደርኋቸው። ከኃላፊዎቹ አንዱ «‹ሌላ› የሚል ምርጫ አታስገባ፤ ሰው ማሰብ ሲሰለቸው እሱን ይነካል» አሉኝ። እውነት መሰለኝ። አወጣሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው «ለታካሚ በቂ መረጃ አለመስጠት» ሆነ። ማኔጅመንቱ ተጨንቆ ነርሶቹን ሰብስቦ ስለ ተግባቦት ሥልጠና ሰጠ። እኔም ሶፍትዌሩ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት ሌሊት ተረኛ ከሆኑ አንዲት ነባር ነርስ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የምመዘግበው ነገር እዚህ ውስጥ የለም።»

«ምን ነበር ሲስተር?»

«ኦክስጅኑ። ሲሊንደሩ ሞልቷል ተብሎ መጣ፤ ሕፃኑ ላይ ልንገጥመው ጌጁን ስናየው ከግማሽ በታች ነው። እስቲ ይኼ ምን ይባላል? ‹የመሣሪያ ብልሽት› እንዳልል መሣሪያው አልተበላሸም። ‹የአቅርቦት እጥረት› እንዳልል ሲሊንደሩ መጥቷል።»

«ታዲያ ምን ብለው መዘገቡት?»

«የመጀመሪያውን ነካሁት። ሌሊት ነው፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሳልመርጥ ደግሞ አያሳልፈኝም።»

ዝርዝሩን ወደ ላይ መለስ አድርጌ አየሁት። በ«ለ» የሚጀምረው ከሁሉ በላይ ነበር፤ «ለታካሚ በቂ መረጃ አለመስጠት»። ያ ሁሉ ሥልጠና የተሰጠው ለፊደል ተራ ነው። ሲስተርም ሠልጥነዋል፤ ጎድሎ የሚመጣው ሲሊንደርም እንደጎደለ መምጣቱን ቀጥሏል። ይህን ጉዳይ በየመድረኩ የማነሣው እኔ የሠራሁት ስህተት ስለሆነና ሌላ ሰው እንዲደግመው ስለማልፈልግ ነው።

ምድብ እንዴት ይሠራ የሚለው መልሴ ከዚያች ሌሊት የመጣ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ራሳቸው ነገሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት ይሰማ። እኔ «የናሙና ስህተት» ብዬ አንድ መስመር ጽፌ ነበር። ላብራቶሪ ሄጄ ስቀመጥ ግን ደሙ የረጋበት አለ፣ ሄሞላይዝ ያደረገ አለ፣ መጠኑ ያነሰ አለ፣ ስም ያልተጻፈበት አለ፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት አለ። ስም ያልተጻፈበት ከተወረወረ ታካሚው ድጋሚ ይወጋል፤ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ከተመረመረ ግን የአንዱ ውጤት ለሌላው ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማስቀመጥ አንድን ጉንፋንና አንድን ሳምባ ምች «ሳል» ብሎ እንደመጻፍ ነው። የላብራቶሪ ስህተት አብዛኛው ናሙናው ማሽን ላይ ከመድረሱ በፊት የሚደርስ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ሰፋ ማለት ያለበት እዚያ ላይ ነው። የካፍቴሪያ ቅሬታ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ቀጥሎ «ሌላ» ትመለስ። በፈረንጆቹ 1893 ቺካጎ ላይ ዣክ በርቲዮን ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ዛሬ ላለው የበሽታዎች ዝርዝር መነሻ ነው፤ በአሥረኛው እትምም ብዙ ቦታ ነጥብ 8 «ሌላ ተለይቶ የታወቀ»፣ ነጥብ 9 «ያልተለየ» ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የበሽታን ስም ሲሰበስቡ የኖሩ ሰዎች እንኳ ክፍት መስመር ትተዋል። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ዘጋሁት።

የኃላፊው ሥጋት ግን ባዶ አልነበረም። ባለቤት የሌላት «ሌላ» የቆሻሻ ጉድጓድ ትሆናለች። ግማሹ መዝገብ እዚያ ከገባ ዝርዝሩ ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ሌላ»ን የነካ ሰው በራሱ ቃል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይገደድ፤ ያን ዐረፍተ ነገር በየሳምንቱ የሚያነብ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ይኑር። ኮሚቴ አይደለም፤ አንድ ሰው። ያው ነገር ሦስት ጊዜ ከተጻፈ የራሱን መስመር ያግኝ። ከ1997 ዓ.ም. በፊት በሊቦ ከምከም እንዲህ ያለ መስመር ኖሮ «ለወባ ታክሞ ያልተሻለው፣ ጣፊያው ያበጠ» የሚል ጽሑፍ በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው ቢኖር ብዬ አስባለሁ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እዚያ ለሞቱት ሰዎች ያለብን ዕዳ ቢያንስ የዛሬውን መዝገብ ክፍት ማድረግ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ከውጭ አገር ስለሚመጣ ብቻ የሚደርስብን ነገር አለና በደንብ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን መዝገብ ያበላሻል። አንደኛው ፊደላችን ነው። በ«ሌላ» ሥር አንዱ «ሐኪም» ይጽፋል፣ አንዱ «ሀኪም»፣ አንዱ «ሃኪም»። «ጸጥታ» እና «ፀጥታ»፣ «ሥራ» እና «ስራ»ም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ እነዚህን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ጥራት ክፍሉ «ሐኪም ዘገየ» ብሎ ሲፈልግ ከሦስት አንዱን ያገኝና ችግሩ ትንሽ ነው ይላል። ድምፅ የሚጋሩ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ አንድ እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል፤ ፕሮግራም ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያዘዘ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛው ሰዓታችን ነው። ሲስተር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሆነውን ነገር ሲመዘግቡ 8:00 ብለው ይጽፋሉ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ብሎ ይቀበላል። ሌሊት አንድ ነርስ ለብዙ አልጋ ብቻዋን ስትቀር የደረሰው ሁሉ ጠዋት፣ ሰው ሞልቶ ሳለ የደረሰ መስሎ ይወጣል። ከዚያ «ሌሊት ተረኛ መጨመር አያስፈልግም፤ ችግሩ ያለው ጠዋት ነው» የሚል ውሳኔ በቁጥር ተደግፎ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ሌሊት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» የሚል ምርጫ ከሰዓቱ አጠገብ ማስቀመጥና ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲቀይረው ማድረግ። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 እንደሚጀምር ንገሩት፤ አለዚያ ሩብ ዓመቶቹን ከፈረንጅ ጥር ጀምሮ ይቆጥራል።

አሁን ስለ መንገዱ፤ የተመዘገበው ነገር ወዴት እንደሚሄድ። የሲስተር ሪፖርት ምን ሆነ ብዬ ስፈልገው «በመጣራት ላይ» ይላል። አራት ወር። እኔ የሠራሁት መንገድ ከክፍሉ አስተባባሪ ወደ ሜትሮን፣ ከሜትሮን ወደ ጥራት ክፍል፣ ከጥራት ክፍል ወደ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ በየደረጃው «አጽድቅ» የሚል ቁልፍ አለ። ሜትሮኗ ባሕር ዳር ስብሰባ ሄዱ፤ ከዚያ ዓመታዊ ፈቃድ ወጡ። መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ወደ መዝጋቢዋ የሚመለስ አንድም ደረጃ አልነበረውም። ሲስተር ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መዝግበው በመጨረሻ ተዉት። «ወደ ገደል እንደ መጣል ነው» አሉኝ። ሪፖርት ሲቀንስ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጥራቱ ተሻሽሏል ብለው ተደሰቱ።

የሥራ ፍሰት ምን መምሰል እንዳለበት ለማወቅ እኔ ከመጽሐፍ ይልቅ ዕድር አስተምሮኛል። ዕድር የሌለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው ይጽፋል፤ አይፈርድም። ዳኛው ይፈርዳል፤ ገንዘብ አይነካም። ገንዘብ ያዡ ይይዛል፤ ያለ ዳኛው ቃል አያወጣም። ለቀብር የቀረ ሰው ስሙ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በወር ስብሰባ ስሙ ይጠራል። «ታምሜ ነበር» ይላል፤ ጎረቤቱ ይመሰክርለታል፤ ወይ ይማራል፣ ወይ ይቀጣል፤ ያኔውኑ፣ እሱ ቆሞ እያየ፣ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ዳኛው ከሌለ ምክትል አለ፤ ቀጠሮው አይታጠፍም። ሶፍትዌር ሲገዛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ብዙ ገንዘብ ይከፈላል፤ እኛ ግን ለቀብራችን የሠራነውን ጥበብ ቢሮ በር ላይ ትተነው እንገባለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ መዝጋት። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርበት ቦታ እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ደቀ መዝሙሩ ከየትም ተምሮ ይምጣ፣ ድጓ አውቃለሁ ብሎ ራሱ ለራሱ አይመሰክርም፤ መምህሩ ሰምቶ፣ አርሞ ነው የሚመሰክርለት። በሶፍትዌራችን ውስጥ ግን ችግሩን አስተካክለሃል የተባለው ሰው ራሱ «ተስተካክሏል» ብሎ እንዲዘጋ እንፈቅድለታለን። ይህ መቅረት አለበት። ያስተካከለው አንድ ሰው፣ መስተካከሉን ያየው ሌላ ሰው ይሁን፤ የሚቻል ከሆነም የሚያየው መጀመሪያ የጮኸው ሰው ይሁን።

እንደገና ወደዚያ ሆስፒታል ተመለስሁ። ደረጃዎቹን አሳጠርሁ፤ አንድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ካላየው ወደ ምክትሉ እንዲያልፍ አደረግሁ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሞላውን የወረቀት ቅጽ በዚያው ምድብ፣ በዚያው ቅደም ተከተል አሳተምሁ። የምድቦቹን ዝርዝር ከሀሁ ተራ አውጥቼ በብዛት የሚደርሰውን ወደ ላይ አመጣሁ። «ሌላ»ን ከታች አስገባሁ። ለሲስተርም አዲሱን መስመር በምን ስም ልጻፈው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አስበው «ሞልቷል ተብሎ ጎድሎ የመጣ» አሉኝ። እንደተናገሩት ጻፍሁት።

በዚያ መስመር የመጀመሪያው መዝገብ የገባው ከሕፃናት ክፍል አልነበረም። ከላብራቶሪ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ መመርመሪያ የያዘ የሪጀንት ኪት። ቀጥሎ ከፋርማሲ አንድ መጣ። ሦስተኛው የሲስተር ነበር፤ ያው ኦክስጅን። ጥራት ክፍሉ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያያቸው ዕቃ ሲገባ የሚረከበው ሰው ብዛቱን ብቻ ቆጥሮ እንደሚፈርም፣ ሲሊንደሩን ጌጅ ገጥሞ፣ ካርቶኑን ከፍቶ እንደማያይ ተገኘ። የርክክቡ ቅጽ ተቀየረ፤ መጋዘኑ በር ላይ ጌጅ ተቀመጠ።

የኦክስጅኑ መዝገብ ለመዘጋት ወደ ሲስተር ስልክ ተላከ። ያን ቀን ማታ ተረኛ ነበሩ። ወዲያው አልዘጉትም። አዲስ የመጡትን ሲሊንደሮች አንድ በአንድ እየዞሩ ጌጅ ገጥመው አዩና፣ መነጽራቸውን አድርገው «ዝጋ» የሚለውን ነኩ።